ሞተርሆም በሀዋሳ፦ ስለ መሥራቱ፣ ስለ ማቆሙና ስለ መጎተቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚኒባሱ ላይ አልጋና ኩሽና ገጥሞ፣ ሞተርሆም አድርጎ ከቤተሰቡ ጋር ሊዞርበት የሚያስብ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ነገር ብዙም አይለያይም። ስለዚህ መልሶቹን እዚህ አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። የሀዋሳን ፀሐይ፣ የሐይቁን እርጥበት፣ የደቡብን ዳገትና ቁልቁለት፣ እዚሁ ገበያ የሚገኘውን ዕቃ እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። አብዛኛው መልስ ዞሮ ዞሮ ክብደት ላይ ያርፋል። ከመጋረጃው ቀለም በፊት ስለ ኪሎ ካሰባችሁ ግማሹን ችግር ከወዲሁ ትገላገላላችሁ።

ተሠርቶ ያለቀ ሞተርሆም ከውጭ ማስመጣት አይሻልም?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ ያ መንገድ ጠቧል። ቢገባም እንኳ ለአውሮፓ አስፋልት የተሠራ ረጅም ሞተርሆም ሆዱ ለመሬት ቅርብ ነው፣ ከኋላ ጎማው ወዲያም ብዙ ይረዝማል። እኛ ኮረኮንች ላይ ጭራው መሬት እየነካ ይሄዳል።

ደግነቱ መኪና ላይ አካል መሥራት አገራችን ውስጥ የታወቀ ሙያ ነው። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ የሚሠራውን ቅጥቅጥ አውቶብስ የማያውቅ የለም። ላሜራ ቆርጦ፣ በይዶ፣ መስኮት የሚገጥም እጅ አለን። ለአንድ ቤተሰብ ግን ቅጥቅጥ ይበዛል። ጣሪያው ከፍ ያለ ቶዮታ ሃይስ ይበቃል ባይ ነኝ። መለዋወጫው በየከተማው አለ፣ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ሰው ሲጭን የኖረ ሃይስ ስትገዙ ቀለሙን ተዉትና ከሥሩ ግቡ። ዋናው ብረት ላይ ብየዳ ወይም የበላ ዝገት ካያችሁ ዋጋ አትከራከሩ፤ ሌላ ፈልጉ።

ሊብሬና ቦሎ ላይ ችግር አይፈጥርም?

ወንበር ከመንቀላችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሊብሬው ላይ የሰው ማመላለሻ ተብሎ የተጻፈ መኪና ውስጡ አልጋ ሆኖ ለምርመራ ሲቀርብ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ፈቃዱን አስቀድሞ መያዝ በኋላ ከመመላለስ ያድናል።

ኢንሹራንሱም እንደዚያው ነው። የሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፣ ግን የናንተን መኪናና ውስጡ የገጠማችሁትን አይሸፍንም። ሙሉ ኢንሹራንስ ከገባችሁ መኪናው መቀየሩን፣ ጋዝና ተጨማሪ ባትሪ እንዳለው በጽሑፍ አሳውቁ። ያልተነገረ ለውጥ ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ነው የሚነሳው።

ምን ያህል ዕቃ መጫን እችላለሁ?

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው በጣም የሚያቃልለው ጥያቄ ነው። መኪናው ባዶውን ምን ያህል እንደሚመዝንና ተጭኖ ቢበዛ ስንት መሆን እንዳለበት ሰነዱ ላይ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የናንተ ድርሻ ነው። ሰው፣ ውሃ፣ እንጨት፣ ጋዝ፣ ልብስ፣ ሁሉም ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ለምሳሌ ልዩነቱ 1,100 ኪሎ ነው እንበል። አምስት ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን 325 ነው። መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ነው። ሁለት ትልልቅ የአሲድ ባትሪ 60 ገደማ፣ ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር 27፣ ፍሪጅ 20፣ ጣሪያ ላይ ሁለት ሶላር 22። ቁም ሳጥኑ፣ ወለሉ፣ አልጋውና ፍራሹ 250 ቢሆኑ እስካሁን 804 ደርሰናል። ልብስ፣ ምግብ፣ ድስት፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ ስኮርታ ጎማና ክሪክ ጨምሩበት፣ 120 በሉት። የቀራችሁ 176 ኪሎ ብቻ ነው። ገና ሞተርሳይክል ከኋላ ልስቀል ያላችሁም አላችሁ።

ስሌቱን በወረቀት ብቻ አትመኑት። ሥራው ሲያልቅ የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ውጡ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ ሙሉውን መኪና አስመዝኑ። ሁለቱን ስትቀንሱ ኋላው የተሸከመውን ታገኛላችሁ። ከኋላ ብዙ ተጭኖ ፊቱ ከቀለለ መሪው ይላላል፣ ፍሬን ስትይዙም የፊት ጎማ መሬት ቆንጥጦ አይዝም። ባትሪና ውሃ ከባድ ስለሆኑ ዝቅ ብለው፣ በተቻለ መጠን ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል ይቀመጡ። ፖርቶመጋላ ላይ የሚወጣው ቀላል ዕቃ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። «ባሌስትራ አስጨምርና የፈለግከውን ጫን» የሚል ምክር በየጋራዡ ትሰማላችሁ። ባሌስትራ መጨመር መኪናውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ፍሬኑን፣ ኩሽኔታውንና ጎማውን አያጠነክርም። ዝቅ ብሎ ያስጠነቅቃችሁ የነበረ መኪና ቀጥ ብሎ ቆሞ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል ማለት ነው። ይሄ ምክር በጣም ያሳስበኛል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው የሚሰጥ ምክር አይደለም።

ቁም ሳጥኑን በኤምዲኤፍ ባሠራው ይረክሳል። ይሆናል?

አይሆንም። ከባድ ነው፣ ውሃ ሲነካው ደግሞ ያብጣል። በሀዋሳ ክረምት መስኮት ሥር ያለ ኤምዲኤፍ ጠርዙ እንደ ዳቦ ሲነፋ ታዩታላችሁ። ቀጭን ፕላይውድ ይሻላል፣ ጠርዙን ቫርኒሽ አስጠጡት።

አናጢው የቤት ዕቃ የለመደ ከሆነ አጠገቡ ቁሙ። ቤት ውስጥ ያለ ቁም ሳጥን አይንቀሳቀስም፣ ይሄኛው ግን ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። ሚስማር ቀስ በቀስ ይወጣል። በብሎንና በሙጫ ይያዝ፣ ከመኪናው የጎድን ብረት ጋርም ይታሰር። ላሜራው ብቻ ላይ የተበሳ ብሎን ቀዳዳውን እያሰፋ ይላቀቃል። የመሳቢያና የቁም ሳጥን በር ሁሉ መቀርቀሪያ ይኑረው፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሰሃኑ ሁሉ መሬት ነው።

መኪናው ሲሄድ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ከወለሉ ብረት ጋር በተበየደ ወይም በተቦለነ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ አስሮ ይቀመጥ። አናጢ የሠራው ሶፋ ለቆመ መኪና ነው። እናትም ብትሆን አልጋው ላይ ተኝታ መሄድ የለባትም።

ውስጥ ምን ላይ ነው የሚበሰለው?

በቡታ ጋዝ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ቢያፈስ ወደ ወለል ነው የሚወርደው። ሲሊንደሩ ከመኝታው የተለየ የራሱ ሳጥን ይኑረው፣ ሳጥኑም ከታች በኩል ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ይኑረው። ቆሞ ይታሰር፣ አይተኛ። ጎማው ቱቦ የተጋጠመበት ቦታ ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፣ ከተንፈቀፈቀ ያፈሳል። ክብሪት ጭራችሁ አትፈትሹ። ስትነዱ ሲሊንደሩ ይዘጋ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ እርሱት። ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ የመኪና ባትሪ አይችለውም። እንጀራ ከቤት ይዞ መውጣት ነው፣ የአንድ ቅዳሜና እሁድ ጉዞ ምንም አይሆንም። ወጡን ድስት ላይ ማሞቅ ብቻ ይቀራል።

አሁን ከሁሉም የሚበልጠው። ቡና አፍሉ፣ ግን ከሰል መኪናው ውስጥ አታስገቡ። ዝናብ ቢሆን፣ ብርድ ቢሆን፣ «ነዶ ጨርሷል፣ ጭሱ ሄዷል» ቢባል አታስገቡ። ጭስ የማይታይበት ፍም ነው በጣም የሚገድለው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። ጠባብና ሽንቁሩ ሁሉ የተደፈነ ቦታ ደግሞ ከክፍል ቤት በፍጥነት ይሞላል። ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው ምልክቱ፣ የተኛ ሰው ግን እሱንም አያውቅም። ጀበናው በጋዝ ላይ ይጣድ ወይም ከሰሉ ውጭ ሸራ ሥር ይሁን። ፍሙ በውሃ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ ወደ ውስጥ አይመለስ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ የምታገኙ ከሆነ ከፍሪጁ በፊት እሱን ግዙ።

ሶላርና ባትሪ ምን ያህል ይበቃኛል?

መጀመሪያ የምትጠቀሙትን ቁጠሩ። መብራትና ስልክ ቀላል ነው። ፍሪጅ ነው ዋናው በላተኛ። በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ ሲነሳ 50 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ እየተነሳ እየጠፋ በቀን ወደ 500 ዋት ሰዓት ይበላል። 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ስሙ 1,200 ዋት ሰዓት ነው። የአሲድ ከሆነ ግን ከግማሽ በታች ባታወርዱት ይመረጣል፣ ቶሎ ይሞታል። ሊቲየም ፎስፌት ከሆነ 80 በመቶውን ያለ ሐሳብ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ክብደቱም የአሲዱ ግማሽ እንኳ አይሆንም። ይወደዳል። ግን የክብደቱን ሒሳብ ከላይ አይታችኋል።

በበጋ የሀዋሳ ፀሐይ ላይ 200 ዋት ሶላር ፍሪጁንም መብራቱንም ይሸከማል። ክረምት ላይ ደመናው ያወርደዋል፣ ያኔ መኪናው ሲነዳ ከዲናሞው የሚሞላበት ቻርጀር ያስፈልጋል። ገመድ ብቻ ዘርግቶ የመኪናውን ማስነሻ ባትሪና የፍሪጁን ባትሪ ማያያዝ ጠዋት መኪናው እንዳይነሳ ያደርጋል።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን፣ አንድ ስንዝር ብትርቁ ነው። ፊውዝ ገመዱን ነው የሚጠብቀው። ከፊውዙ በፊት ያለው ገመድ ላሜራ ጠርዝ ላይ ተፋቅፎ ቢነካካ የሚያስቆመው የለም፣ ይቃጠላል። ገመድ ላሜራ ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ጎማ ቀለበት አስገቡበት። ቀጭን የቤት መብራት ገመድ የሚያስገባላችሁን ኤሌትሪሺያን አመስግናችሁ አሰናብቱት።

ውሃና ሽንት ቤትስ?

ለእጅና ለሰሃን ሮቶ መግጠም ይቻላል፣ ለመጠጥ ግን የተለየ ጀሪካን ያዙ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፣ ብዙ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ የሚያልፍ ጉድጓድ በአካባቢው አለ፣ ጥርሳቸው የቡኒ ነጠብጣብ የያዘ ሰዎች የምናየውም ለዚህ ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይወፍራል። ከከተማ የቧንቧ ውሃ ወይም የታሸገ ውሃ ይዛችሁ ውጡ።

ሽንት ቤቱ ተንቀሳቃሽ፣ ከሥሩ የሚወጣ ገንዳ ያለው ይሁን። የሞላው ገንዳ ሆቴል ወይም ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ነው የሚደፋው። ሐይቁ ዳር አይደፋም፣ የሰሃን ውሃም ጭምር። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣበት ግን የለም። የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን።

ክረምቱን ሙሉ ሳልነዳው የት ላቁመው? እንዴት?

ቦታው ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። የግቢው በር ከፍታና ስፋት ይበቃል ወይ? ሶላርና ማናፈሻ ከተገጠመበት በኋላ መኪናው ከሰነዱ ከፍታ ይበልጣል፣ በሜትር ለኩት። ዘበኛ አለ ወይ? መሬቱስ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይቋጥራል ወይ? ወደ ሐይቁ የሚጠጉ ሰፈሮች መሬታቸው ረግረግ ይላል። ሦስት ቶን መኪና ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ ከገባ መስከረም ላይ በትራክተር ነው የሚወጣው። ጠጠር የተደለደለ ወይም ሲሚንቶ የሆነ ፈልጉ።

ዛፍ ጥላ ሥር ማቆም ደስ ይላል፣ ሀዋሳ ላይ ግን ቀና ብላችሁ እዩ። አባ ኮዳ የሚያድርበት ዛፍ ከሆነ ኩሱ ቀለሙን ይበላል፣ ሶላሩንም ይሸፍናል። ሶላር ደግሞ ጥግ ላይ ትንሽ እንኳ ሲሸፈን ከሚገባው በላይ ነው ኃይሉ የሚወርደው።

ፕላስቲክ ሸራ አልብሶ ማሰር እንክብካቤ ይመስላል። ሐይቁ ዳር ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ፍራሹ ይሻግታል። ጣራ ያለው መጠለያ ከተገኘ ያለ ሸራ ይቁም። ካልተገኘ አየር የሚያስገባ ጨርቅ ይሁን፣ የጣሪያው ማናፈሻም ጠባብ ተከፍቶ ይቆይ። ፍራሹን ከግድግዳ አስርቃችሁ አቁሙት። ፍሪጁ ይጽዳ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይቆይ። ውሃው ከሮቶውም ከቧንቧውም ተንጠፍጥፎ ይውጣ።

ጣሪያ ላይ የተበሳ ነገር ሁሉ ከክረምት በፊት ይታይ። ሶላሩ የታሰረበት ብሎን፣ ማናፈሻው ጠርዝ፣ ገመድ የገባበት። ተራ ሲሊኮን ፀሐይ ያደርቀውና ከላሜራው ይላቀቃል፣ ቀለምም አይዝም፣ ከሥሩ የሚጀምር ዝገትም አይታይም። ለመኪና አካል የሚሆን ፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ይሻላል። ከላይ በጎማ ውሃ አፍስሱና አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ጣሪያውን በእጁ ይዳብስ። ውሃ የሚታየው ከገባበት ርቆ ነው፣ በብረቱ ተንሸራቶ ይመጣል።

ባትሪውን ሞልታችሁ ኔጋቲቩን ንቀሉ። የአሲድ ባትሪ ሳይነካም በየወሩ ጥቂት ይወርዳል። በቴስተር 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው፣ ወደ 12.2 ሲጠጋ ግማሽ ሆኗል፣ ቻርጅ ይፈልጋል። ናፍጣ ከሆነ ታንከሩን ሙሉት፣ ባዶ ቦታ ስለማይቀር ጤዛ አይፈጠርም። ጎማውን ሰነዱ በሚለው ሙሉ ግፊት ላይ አድርጉ፣ በየወሩም ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱት። የእጅ ፍሬን ስባችሁ ለወራት አትተዉት፣ ይጣበቃል። ማርሽ ውስጥ አስገቡና ከፊትም ከኋላም ታኮ ጣሉበት።

ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሯችኋል። ሞተርሆም ብዙ ስለሚቆም ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ ጎኑ ግን ተሰነጣጥቋል።

አይጥ ደግሞ አለ። ከሥር ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በብረት ሱፍ ድፈኑ። አንድ ከረጢት ሽሮ ረስታችሁ ብትዘጉት ገመዱን ጭምር በልቶ ይጠብቃችኋል።

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አካባቢ ጦጣ አያስቸግርም?

ያስቸግራል። ክፍት መስኮት አይምርም። መስኮቱና በሩ ላይ የሽቦ ወንፊት ይገጠም፣ ለትንኝም ያው ነው። ሀዋሳና ከሱ በታች ያለው ቆላ ወባ አለበት፣ ወንፊት ቢኖርም አጎበር ይዛችሁ ሂዱ። ጦጣዎቹን አትመግቡ፣ የሚቀጥለውን መኪና የሚያጠቁት የተመገቡት ናቸው።

ቪትዜን ከኋላ ጎትቼ ብወስዳትስ? ስደርስ ከተማ ውስጥ እንድነዳት።

አራት ጎማዋ መሬት ላይ ሆኖ? በጭራሽ። አብዛኞቹ ቪትዞች አውቶማቲክ ናቸው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚያዞረው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲነሳ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲሽከረከር ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፈጫል፣ ማርሹን ኒውትራል (N) ላይ ብታደርጉትም ለውጥ የለውም። ሻሸመኔ ሳትደርሱ ላይታወቃችሁ ይችላል፣ ካምቢዮው ግን ያውቀዋል። የፊት ጎማዎቹ የሚነዷት ከሆነች ፊቷ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ተነስቶ ነው የምትጎተተው። በአራቱም ጎማ የምትነዳ ከሆነች ሙሉ በሙሉ ተሳቢ ላይ መውጣት አለባት። የኤሌክትሪክ መኪናም የሚነዳው ጎማ መሬት እንዲነካ አይደረግም፣ ሲሽከረከር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ያቃጥላል።

ማንዋል ማርሽ ያላቸው ብዙዎቹ ችግር የለባቸውም፣ የመኪናውን መጽሐፍ ግን አንብቡ።

ቀጥሎ ፍሬኑ። በብዙ አገር የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ እንዳያልፍ ይደረጋል። ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ናት። ጥግ ድረስ የተጫነ ሃይስ ላይ ይሄን ጨምራችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ አስቡት። የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ ቪትዟ ቤቷ ትቅር። የትም ከተማ ባጃጅ አለ።

ዕቃ መጫኛ ትንሽ ተሳቢ ወይም ጀልባስ?

ይሄ ይሻላል፣ በደንብ ከተሠራ። ጋንቾው፣ ማለትም ተሳቢው የሚያያዝበት መንጠቆ፣ መከላከያው ላይ ሳይሆን ከሥር ካለው ዋናው ብረት ጋር ይያዝ። መከላከያ ላይ የተበየደ ጋንቾ መከላከያውን ይዞ ነው የሚሄደው።

የተሳቢው አፍ የሚቀመጥበትን የጋንቾውን ኳስ ልብ በሉ። 50 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ፣ 2 ኢንች የሆነ አለ፣ እሱ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይለዩም። ኳሱ አናት ላይ ልኩ ተጽፏል፣ የተሳቢው አፍ ላይም አለ። ትልቁ አፍ ትንሹ ኳስ ላይ ሲቀመጥ የተቆለፈ ይመስላል፣ ጉድባ ላይ ሲዘል ግን ሊወጣ ይችላል። ከተቆለፈ በኋላ የተሳቢውን አፍንጫ በክሪክ ወደ ላይ አንሱት። የመኪናው ጭራ አብሮ ከተነሳ ይዟል።

ሰንሰለቱ ሁለት ይሁን፣ ከሥር ተጠላልፎ ይታሰር። ኳሱ ቢለቅ አፍንጫው መሬት ላይ ሳይወድቅ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

አፍንጫው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ አካባቢ ይሁን። 400 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ከሆነ 40 ኪሎ ማለት ነው። የሰው መመዘኛ ሚዛን አምጡ፣ ላዩ ላይ አጭር እንጨት አቁሙና አፍንጫውን አሳርፉበት፣ በሁለት ደቂቃ ታውቁታላችሁ። ከኋላ ከብዶ አፍንጫው ከቀለለ ተሳቢው ፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከጀመረ ፍሬን አትርገጡ፣ በመሪም አትከተሉት። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ራሱ ይረጋል። ከዚያ ቆማችሁ ዕቃውን ወደ ፊት አምጡ።

ፍሬቻና የፍሬን መብራት እዚያም ይሠራሉ ወይ ብሎ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይላችሁ። ጀልባ ከሆነ ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ወዲያው ወደ ውሃ አትግቡ። የሞቀ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ቅባቱም በየጊዜው ይቀየር።

ዳገትና ብርድ ይችላል?

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ስለዚህ ገና ከቤት ሳትወጡ የቀነሰ ነገር አለ። ባሌ ሳነቴ ላይ 4,000 ሜትር ስትደርሱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ አርባ በመቶው የለም። ውሃ እዚያ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ ምስር ሳይበስል ይመሻል። ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት ያዙ።

ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን አስቡ። ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ የወጣችሁበት ማርሽ ላይ ሁናችሁ ውረዱ። ፍሬን ረግጦ ረግጦ መውረድ ያቃጥለዋል። ከጎማው የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቁሙ፣ ውሃ አታፍሱበት፣ በራሱ ይብረድ።

ማታ የት ይታደራል?

ለሞተርሆም ብቻ የተሰናዳ፣ መብራትና ውሃ የሚሰካበት ካምፕ አትጠብቁ። ግቢ ያለው ሆቴል ገብታችሁ ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን አነጋግሩ። እራት እዚያው በልታችሁ ለመቆሚያው ጥቂት ከከፈላችሁ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ላንጋኖ ዳር ድንኳን የሚያስተክሉ አሉ፣ ባሌ ዲንሾም ፓርኩ ውስጥ ካምፕ ማድረጊያ አለ። መንገድ ዳር አትደሩ። ከመሸ በኋላም አትንዱ፣ ከብት፣ አህያና መብራት የሌለው ጋሪ አስፋልቱ ላይ ነው።

በጀቴ ትንሽ ነው። ከየት ልጀምር?

ከፍሬንና ከጎማ። ቀጥሎ የጣሪያው ውኃ መከላከያ፣ ቀበቶ ያለው ወንበር፣ የእሳት ማጥፊያ። ከዚያ ፍራሽና አንድ የጋዝ ምድጃ። ለመጀመሪያው ዓመት ይሄ ይበቃል። ፍሪጁ፣ ሶላሩና ሮቶው ጥቂት ጊዜ ወጥታችሁ ምን እንደጎደላችሁ ካያችሁ በኋላ ይገጠሙ፣ ብዙ ሰው አስቀድሞ ያስገጠመውን ነው በኋላ የሚያስነቅለው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የት ልሂድ?

ወንዶ ገነት። ቅርብ ነው፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ሀዋሳ ያለው መካኒካችሁ በሞተር ይደርስላችኋል። ሻሸመኔ ላይ ቁሙና የእያንዳንዱን ጎማ ቸርኬ በእጅ ጀርባ ቀረብ አድርጋችሁ እዩ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው አልቋል፣ አትቀጥሉ። ጎማ አስፈትታችሁ ከነበረ ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ብሎኖቹን እንደገና አስጠብቁ።